ትምህርት ዐሥራ አራት፦ የጋራ ሥራ አጀማመር፤ ተደራራጊና አደራራጊ ግሥ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ ሰዎች በኢንተርኔት አማካይነት ተባብረው የሚሠሩት ሥራ እንዴት እንደሚጀመር ይረዳሉ፤ ተደራራጊና አደራራጊ ግሥን ከሌሎቹ የግሥ አዕማድ ይለያሉ፤ በመጨረሻም ሌሎችን ለጋራ ሥራ የሚጠራ አጭር ድርሰት ይጽፋሉ።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ። ቀጥላችሁም በተራ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

የማይተያዩ ሰዎች ደቦ

ኢተያ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የአርሲ ከተማ ናት። የሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማም እርስዋ ናት። አካባቢው በስንዴና በገብስ አዝመራው የታወቀ ነው። ዛሬ በሰፊው ሜዳ ላይ ስንዴውን የሚያጭደውና የሚወቃው ኮምባይነር ቢሆንም፣ መኪናው በማይገባበት ተዳፋትና በቤት ሥራ ጊዜ ሰው በጉልበቱ መረዳዳቱን አልተወም። አማርኛ ይህን መረዳዳት ደቦ፣ ወንፈል ወይም ጅጌ ይለዋል፤ ኦሮምኛም ደቦና ጂጊ የሚሉ ስሞች አሉት። ደቦ ሲሆን ባለ ሥራው ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ ምግቡንና መጠጡንም ያሰናዳል። ወንፈል ሲሆን ግን ዛሬ ለአንዱ የተሠራው ነገ በተራ ለሌላው ይመለሳል።

ደቦ የሚጠራ ሰው አስቀድሞ የሚያስባቸው ነገሮች አሉ። ያልደረሰ እህል እጨዱልኝ ብሎ ጎረቤቱን አይጠራም፤ ሥራው ለዓይን የሚታይና ለእጅ የቀረበ መሆን አለበት። ተጠሪው ማጭድ ይዞ ይምጣ ወይም መንሽ፣ አስቀድሞ ይነገረዋል። ማሳው ውስጥ ሲገቡም ማን ከየት ጀምሮ እንደሚያጭድ ይታወቃል። ይህ ሁሉ የሚሳካው ሰዎቹ ስለሚተዋወቁ ነው። ታዲያ በተለያየ አገር የሚኖሩ፣ መልክ ለመልክ የማይተያዩ ሰዎች ደቦ ሊወጡ ይችላሉን?

ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ሥራው ምን ዓይነት እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር የሚሠራው ሰው በጻፈለት ትእዛዝ ነው። ባለሙያ አንብቦ ሊረዳው የሚችለው የዚህ ትእዛዝ ጽሑፍ ምንጭ ኮድ ይባላል። አንዳንድ ድርጅቶች ምንጩን ሰውረው የተጠናቀቀውን ፕሮግራም ብቻ ይሸጣሉ፤ ገዢው ይጠቀምበታል እንጂ ውስጡን አይቶ ሊያርመው አይችልም። ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ግን ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያርመውና ለሌላው እንዲያስተላልፈው ተፈቅዶ የሚወጣ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ እንዲህ ያለውን ነፃ ሶፍትዌር በኅብረት ለመሥራት ማቀዱን ያስታወቀው በ1983 (እ.ኤ.አ.) ነበር።

ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1991 (እ.ኤ.አ.)፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። ይህ ተማሪ ኮምፒዩተርን ከሥሩ የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት በትርፍ ጊዜው እየሠራ መሆኑን በኮምፒዩተር መረብ ለሚነጋገሩ ሰዎች በአጭር መልእክት አስታወቀ። በመልእክቱ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ሐሳቡን ብቻ ሳይሆን መንቀሳቀስ የጀመረ ሥራውን ይዞ ቀረበ። ሁለተኛ፣ «ይህን ሥሩልኝ» አላለም፤ በሚጠቀሙበት ሥርዓት ምኑን እንደሚወዱና ምኑን እንደሚጠሉ ጠየቃቸው። ሦስተኛ፣ ትልቅ ተስፋ አልሰጠም፤ ሥራው መዝናኛው እንጂ ታላቅ ነገር እንደማይሆን ገለጠ። በቀጣዩ ወር ምንጭ ኮዱን ለሁሉም ለቀቀ። ሊኑክስ የተባለው ይህ ሥራ በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች እጅ እየታረመ አደገ፤ ዛሬ የአንድሮይድ የእጅ ስልኮች ሥርዓት የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ምንጩን መልቀቅ ብቻውን አይበቃም፤ ፈቃዱም በጽሑፍ መኖር አለበት። ቶርቫልድስ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ሥራውን በስቶልማን ፈቃድ ሥር አደረገው። ፈቃዱ በአጭሩ፦ «ውሰደው፣ ለውጠው፣ አሰራጨው፤ ነገር ግን አንተም ለሌላው ስታስተላልፍ ይህንኑ ነፃነት አትከልክለው» የሚል ነው። ይህ የወንፈል ሕግ በጽሑፍ ሲሰፍር ነው ለማለት ይቻላል። በአገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ይቈጥረዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ጽሑፉን ወይም ፕሮግራሙን በይፋ ቢያወጣውም፣ ፈቃድ ካልጻፈበት ሌላው ሰው ሊያባዛውና ሊለውጠው መብት የለውም። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ነው፤ በራቸውን ከፍተው እንግዳው እንዲገባ ሳይነግሩት ይቀራሉ።

የአገራችን ቋንቋዎችም ከእንዲህ ያለው ሥራ ውጭ አይደሉም። የግዕዝ ፊደል ኮምፒዩተር ውስጥ መግባት በጀመረበት ዘመን እያንዳንዱ ፕሮግራም አውጪ ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ ፕሮግራም «ሀ» ተብሎ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባለሙያዎች ለዓመታት ሐሳብ ከተለዋወጡ በኋላ፣ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ሦስተኛ እትም 345 የግዕዝ ፊደላትን፣ አኃዞችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኢተያ ላይ የተጻፈ አማርኛ ያለ ችግር በሌላ አገር ሊነበብ ቻለ።

ፊደሉ ተነበበ ማለት ግን ኮምፒዩተሩ ቋንቋውን ተረዳ ማለት አይደለም። ትርጉም የሚሠሩና ጽሑፍ የሚመረምሩ ፕሮግራሞች የሚማሩት ሰው አስቀድሞ ምልክት ካደረገበት ብዙ ጽሑፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለአፍሪካ ቋንቋዎች እጅግ ጥቂት ነበር። ይህን ጉድለት ለመሙላት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ማሳካኔ የተባለ የአፍሪካውያን ማኅበር ተመሠረተ። አባሎቹ በየአገሩ ተበትነው ይኖራሉ፤ የሚገናኙትም በኢንተርኔት ነው። ማሳካኔ በዙሉ ቋንቋ «አብረን እንገንባ» ማለት ነው። በቃሉ ውስጥ «አክ» የመገንባትን፣ «አን» ደግሞ የእርስ በርስነትን ፍች ይሰጣል። የማኅበሩ ስም ራሱ ከዚህ በታች የምንማረው የተደራራጊ ግሥ ዘመድ ነው።

በ2021 (እ.ኤ.አ.) ይህ ማኅበር በዐሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች የተሰናዳ የጽሑፍ ስብስብ አሳተመ፤ ከዐሥሩ አንዱ አማርኛ ነበር። በየቋንቋው ተናጋሪ የሆኑ ሰዎች የጋዜጣ ዜና እያነበቡ የሰውን፣ የቦታንና የድርጅትን ስም እንዲሁም ቀንን ለይተው ምልክት አደረጉ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እንግሊዝኛ የተጸውዖ ስምን በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር መለየቱ ይቀላል፤ በአማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለም። «ተስፋ መጣ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ተስፋ የሰው ስም ነው ወይስ የወል ስም? ይህን የሚለየው ቋንቋውን ከነአገባቡ የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ አንዱን ጽሑፍ ከአንድ በላይ ሰዎች ለየብቻቸው ያነባሉ፤ ምን ያህል እንደ ተስማሙም ይለካል፤ ባልተስማሙበት ላይ ይነጋገራሉ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሌላ ስብስብ ደግሞ ከአማርኛ ጋር ኦሮምኛና ትግርኛም ገብተዋል። እንግዲህ ተማሪ በሰዋስው ትምህርት የሚያገኘው ዕውቀት ለዚህ ሥራ እንደ ማጭድ ያለ መሣሪያ ነው።

የተጀመረ የጋራ ሥራ ሁሉ ለፍሬ አይበቃም። አንዳንዱ ጀማሪው የሌላውን እርማት ሊቀበል ባለመውደዱ ይሞታል። አንዳንዱ ደግሞ የሚላከውን እርማት ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን እየመረመረ ሲደክም ይቆማል። በጥር 2001 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረውና የአማርኛ ክፍልም ያለው ዊኪፔዲያ ለመጀመሪያው ችግር አንድ ብልሃት አበጅቷል፦ የእያንዳንዱ ገጽ ያለፈ ለውጥ ሁሉ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ፣ የተበላሸው ወደ ቀድሞ መልኩ ሊመለስ ይችላል። ስሕተት ሊታረም እንደሚችል የታወቀ እንደ ሆነ ሰውን ማመን አይከብድም።

ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። ብዙ ድካም የፈሰሰበትን ሥራ ማንም በነፃ ይውሰደው ሲባል፣ ሀብታም ድርጅትም ወስዶ ሊያተርፍበት ይችላል። ይህ ተገቢ ነውን? አንዳንዶች «ሥራው ለሁሉ ከተዳረሰ ይበቃል» ይላሉ፤ ሌሎች «የወሰደ ሁሉ ይመልስ» የሚል ፈቃድ ይመርጣሉ። ሁለቱም ሐሳብ ምክንያት አለው። ነገር ግን ምርጫው ጥሪው ከመደረጉ በፊት መታወቅ ይኖርበታል፤ አጫጆቹ እህሉ ወደ ማን ጎተራ እንደሚገባ የሚጠይቁት ማጭዳቸውን ሳያነሱ ነውና።

ስለዚህ የጋራ ሥራ ጀማሪ ከሁሉ ብልጫ ያለው ሠራተኛ ወይም አዛዥ መሆን አይጠበቅበትም። ከእርሱ የሚፈለገው ትንሽ ነገር ሠርቶ ማሳየት፣ ሰዎችን ማገናኘት፣ ሕጉን ግልጥ ማድረግና ለመታረም ፈቃደኛ መሆን ነው። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ሰው በግሡ ውስጥ የተለየ ስፍራ አለው።

ለ. የቃላት ፍች

አዝመራ፦ በማሳ ላይ ያለ ቡቃያ ወይም የደረሰ እህል።
ተዳፋት፦ ወደ ታች ያዘነበለ ቦታ።
መንሽ፦ ጭድን ከፍሬ ለመለየት፣ እህልን ለማገላበጥ የሚያገለግል ባለ ጣት የእንጨት መሣሪያ።
የተጸውዖ ስም፦ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ ወይም አንድ ነገር ተለይቶ የሚጠራበት ስም፤ ምሳሌ፦ ኢተያ፣ ጭላሎ።
የወል ስም፦ ለአንድ ወገን ሁሉ የሚሰጥ ስም፤ ምሳሌ፦ ከተማ፣ ተራራ።

ሐ. ሰዋስው፦ አምስቱ የግሥ አዕማድ

የአማርኛ ግሥ ድርጊቱን ማን እንደ ሠራውና በማን ላይ እንደ ተሠራ በአምስት መልክ ይገልጣል። እነዚህ መልኮች አዕማድ ይባላሉ።

1. አድራጊ፦ ባለቤቱ ራሱ ሲሠራ። ምሳሌ፦ ልጁ ደብዳቤ ጻፈ።
2. ተደራጊ፦ ድርጊቱ በባለቤቱ ላይ ሲፈጸም። ምሳሌ፦ ደብዳቤው ተጻፈ።
3. አስደራጊ፦ ባለቤቱ ሌላውን ሲያሠራ። ምሳሌ፦ አባትየው ደብዳቤ አስጻፈ።
4. ተደራራጊ፦ ሁለት ወይም ብዙ ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ ወይም አንዱ ከሌላው ጋር ሲሠሩ። ምሳሌ፦ ጓደኛሞቹ ተጻጻፉ።
5. አደራራጊ፦ ባለቤቱ ሌሎች እርስ በርሳቸው እንዲሠሩ ሲያደርግ፣ ወይም የሚሠራውን ሰው ሲረዳ። ምሳሌ፦ መምህሩ የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች አጻጻፈ።

የሚከተሉትን ግሦች ከግራ ወደ ቀኝ እያነበባችሁ አስተያዩ፦

ገጠመ — ተገጠመ — አስገጠመ — ተጋጠመ — አጋጠመ
አገኘ — ተገኘ — አስገኘ — ተገናኘ — አገናኘ
ለወጠ — ተለወጠ — አስለወጠ — ተለዋወጠ — አለዋወጠ
ዐወቀ — ታወቀ — አሳወቀ — ተዋወቀ — አስተዋወቀ

ከዚህ ሦስት ነገሮች እንረዳለን። አንደኛ፣ ተደራራጊ በሁለት መንገድ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ የግሡ መጀመሪያ ፊደል ከግዕዝ ወደ ራብዕ ይለወጣል (ገጠመ — ተጋጠመ)፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መካከለኛው ፊደል ይደገማል (ለወጠ — ተለዋወጠ)። ሁለተኛ፣ በተደራራጊ መነሻ የሚገኘው «ተ» በአደራራጊ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በ«አ» ይተካል። እንደ ዐወቀና ዐመነ ያሉት ግሦች ግን «አስተ» ይጨምራሉ፦ አስተዋወቀ፣ አስተማመነ። ሦስተኛ፣ «አጻጻፍ»፣ «አነጋገር»፣ «አጀማመር» የሚሉት የሁኔታ ስሞች በመልካቸው ከአደራራጊው ጋር ይመሳሰላሉ።

አስደራጊና አደራራጊ እንዳይቀላቀሉባችሁ ተጠንቀቁ። በአስደራጊው ፈቃዱ የአሠሪው ነው፤ በአደራራጊው ግን ሥራው የሠሪዎቹ ሆኖ ይቀራል። «በጉን አስፈለገ» ስንል ፈላጊዎቹን ያሰማራው ሰው ይታየናል። «በጉን አፋለገ» ስንል ግን ከፈላጊው ጋር አብሮ የወጣ ሰው ነው። ይህ የግሥ መልክ በተለይ ከ«ወለደ» በሚወጣው ስም ላይ ጎልቶ ይታያል። አዋላጅ ራስዋ አትወልድም፤ ወላዲቱንም አታዝዛትም፤ ልጁ በደኅና እንዲወለድ ትረዳለች። ልጁም የአዋላጅዋ አይባልም። በምንባቡ የተነገረው የጋራ ሥራ ጀማሪ ስፍራው እንዲህ ነው።

ማሳሰቢያ፦ አንዳንድ ግሦች መልካቸው የአንዱ ዓምድ ሆኖ ፍቻቸው ሊርቅ ይችላል። «አስረዳ» በመልኩ አስደራጊ ነው፤ ፍቹ ግን ገለጠ ማለት ነው። «ተከፋፈለ»ም «እርስ በርሱ ተካፈለ» ወይም «ብዙ ቦታ ተከፈለ» ማለት ሊሆን ይችላል። ፍቹ የሚለየው በዓረፍተ ነገሩ አገባብ ነው።

መ. ድርሰት፦ የጥሪ ጽሑፍ

የጥሪ ጽሑፍ ማለት ሰዎችን ለአንድ የጋራ ሥራ የሚጋብዝ አጭር ድርሰት ነው። ጥሩ የጥሪ ጽሑፍ ለአምስት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። ሥራው ምንድን ነው? እስካሁን ምን ተሠርቷል? ምን ቀረ? አዲስ ገቢ ከየት ይጀምር? የሥራው ፍሬ በምን ፈቃድ ይወጣል? ቅጽል የበዛበት ጥሪ ሰውን አያሳምንም። «ታላቅና ወደር የሌለው ሥራ» ከማለት ይልቅ የተሠራውን በቁጥር መናገር ይበልጣል።

በኢተያ የሚማሩ ጥቂት ተማሪዎች የእርሻ ቃላት መዝገብ ለመሥራት ጀመሩ እንበል። ጥሪያቸው የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

«የእርሻ መሣሪያና የእህል ስሞችን በአማርኛና በኦሮምኛ ጎን ለጎን የሚያሳይ መዝገብ ጀምረናል። ስንዴ — ቀመዲ፣ ገብስ — ገርቡ እያልን እስካሁን 60 ቃላት አስገብተናል። የሞፈር፣ የቀንበር፣ የእርፍ፣ የድግርና የወገል ሥዕልም ሠርተናል። የቀሩን የመኖና የአረም ስሞች ናቸው።

ለመጀመር ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም። አንድ ቃል ከወላጅ ወይም ከጎረቤት ጠይቃችሁ፣ በምን ቀበሌ እንደሚነገር ጨምራችሁ ላኩልን። ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ላይ ካልተስማሙ ሁለቱንም እንመዘግባለን እንጂ አንዱን አንሰርዝም። ያስገባነው ስሕተት ሆኖ ካገኛችሁት አርሙት፤ የአራሚው ስም ከእርማቱ ጋር ይጻፋል።

መዝገቡን ማንም ሰው ሊቀዳው፣ ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው ይችላል። ያሻሻለው ሰው ግን ማሻሻያውን በዚሁ ፈቃድ ለሌሎች ይለቃል፤ የሠሩትንም ሰዎች ይጠቅሳል። የሚላኩትን ቃላት ሦስት ተማሪዎች በየሳምንቱ በተራ ይመረምራሉ።»

በዚህ ጥሪ ውስጥ ከላይ የተዘረዘሩት አምስት ጥያቄዎች የተመለሱበትን ስፍራ አመልክቱ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሰውን የትኛውን ችግር ለመከላከል እንደ ተጻፈም ተወያዩበት።

ሠ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. የደቦና የወንፈል ልዩነት ምንድን ነው?
2. ቶርቫልድስ ሥራውን ሲያስታውቅ ያደረጋቸውን ሦስት ነገሮች ዘርዝሩ።
3. ፈቃድ ያልተጻፈበት ሥራ በይፋ ቢወጣም ለሌሎች የማይጠቅመው ለምንድን ነው?
4. በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ የሰውን ስም ለይቶ ማወቅ ለኮምፒዩተር የሚያስቸግረው ስለ ምን ነው?

መልመጃ ሁለት። ከሚከተሉት ግሦች ተደራራጊውንና አደራራጊውን አውጡ፤ በእያንዳንዱም ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
ነገረ፣ መከረ፣ ቀረበ፣ ዐመነ፣ ወረሰ

መልመጃ ሦስት። የተሰመረባቸው ያህል አድርጋችሁ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያሉትን ግሦች ዓምድ ተናገሩ።
1. ሽማግሌዎቹ ባላጋራዎቹን «አስታረቁ»።
2. ሁለቱ ባላጋራዎች ከታረቁ በኋላ እህል «ተበዳደሩ»።
3. መዝገቡ በጥንቃቄ «ታረመ»።
4. እኅትየው የጠፋውን ቁልፍ ወንድምዋን «አፋለገችው»።

መልመጃ አራት። በአካባቢያችሁ ብዙ ሰው ተባብሮ ሊሠራው የሚገባ አንድ ሥራ ምረጡ። ሥራው የመንደሩ ካርታ፣ የተረትና የምሳሌ ስብስብ፣ የዕፀዋት ስም መዝገብ ወይም የምንጮችና የጕድጓዶች ዝርዝር ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ከሥራው ጥቂቱን ራሳችሁ ሥሩ። ከዚያ በኋላ ከ150 እስከ 200 ቃላት ባለው የጥሪ ጽሑፍ ሌሎችን ጋብዙ። ረቂቃችሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋውጣችሁ ተራረሙ፤ ያልተቀበላችሁት እርማት ቢኖር ያልተቀበላችሁበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር በኅዳጉ ላይ ጻፉ።